«ና» የምትል ፊደል

አምስተኛው ሞተ። እንደ አራቱ ሁሉ፣
መጀመሪያ ዝም ያለው በግራ በኩሉ።
ገመዱ ከመሰኪያው ሥር፣ አንገቱ ላይ ላልቷል፤
ጣቷ ሲጫነው ያወራል፣ ስትለቀው ዝም ይላል።
ሱቻሪታ ጣቷን አነሳች፤
«በቃ» አለች።

የችሎት ቅጂ መገልበጥ ነው የሚያበላት ሥራ፤
ምስክር ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ቃል በቃል፣ ተራ በተራ።
ዳኛው ሲያስል፣ ወንበር ሲጢጥ ሲል፣ ጣሪያ ላይ ማራገቢያ ሲዞር፣
ከዚያ ሁሉ መሀል ትለቅማለች፣ እንደ ምስር ከጠጠር።
ቤንጋሊ ደግሞ አመል አለው፤ እምቢታውን አያስቀድምም፤
«ነበርኩ» ብሎ ይጨርስና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ በመጨረሻም
«ና» ይላል።
በእኛ «ና» ጥሪ ነው፣ የተከፈተ በር፤
በእነሱ አፍ መቀርቀሪያ ነው፣ «አልነበርኩም» የሚል ድንበር።
ያቺን አንዲት ፊደል ምስክር ሲደክመው ይውጣታል፤
ያልሰማ ጸሐፊም ያልነበረን ሰው ከቦታው ያቆመዋል።

ቻንድኒ ገበያ ወረደች፣ ዝናቡ ትራሙን እያራሰ፣
አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሩፒ ይዛ፣ ከኪራይ የተረፈ፣ ከዓሣ የተቀነሰ።
ኒሩፓም ሽማግሌው፣ የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ፣
«ምን ልሽጥልሽ?» አላላትም፤ «የሞተውን» አለ «አሳዪኝ።»
አገላበጠው፤ በጥፍሩ ገመዱን ላጠ፤
«ላብ በልቶታል» አለ፤ «ኪስሽ ውስጥም እየተጠመጠመ ተቆረጠ።»

ቀዩን አወጣ፤ ሣጥኑ ያብረቀርቃል፤ ሦስት ሺህ፤ ዱቤም አለ።
ዘፈን አልከፈተችም። ስልኳ ላይ የራሷ ድምፅ አለ፣
ትራም ውስጥ የቀዳችው፣ አፏን በሻርፕ ሸፍና፤
«እዚያ ነበርኩ» ይላል፤ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ «ና»።
ቀዩ ያንን ሲያሰማት ደረቱን ነፋ፤
የትራሙ ብረት ነጎደ፣ «ና» ግን ጠፋ።
ሽማግሌው ሳቀ፦ «ይሄ ለሠርግ ነው፤ ለምስክር አይሆንም።
የሚጮህ ሁሉ፣ ልጄ፣ የሚያሰማ አይደለም።»
ነጩ ርካሽ ነበር፤ «ስ» በተባለ ቁጥር
እንደ ቢላ ይፋጫል፣ ሰሐን እንደሚጭር።

ኋላ ከመሳቢያ፣ ሣጥን እንኳ የሌለው፣
አመድማ ነገር አወጣ፣ ቁንጅና ያልነካው።
ገመዱን ነቀለው፤ ቀጭ አለ፤ መልሶ ሰካው፤
«የሚሞተው ገመድ ነው፤ ሌላውን አብሮ ማን ቀበረው?»

አንድ ሺህ ስድስት መቶ። አደረገችው።
ቀኙ ጠራ፤ ግራው ግን ያው፣ ከግድግዳ ማዶ ሆነባት፤
«ይሄም ታሟል» አለች። ሽማግሌው «ቆይ» የሚል ምልክት ሰጣት።
ከብልቃጥ የላስቲክ ቆቦች መዳፉ ላይ ዘረገፈ፣
የግራውን አውልቆ፣ በትንሹ ለውጦ አረፈ።
«ጆሮዎችሽ መንታ አይደሉም፤ ማንም አልነገረሽም?
ገመዱ ሞቶ ነበር፣ እውነት፤ ድምፁን ግን ዕቃው አልሰረቀሽም።»

ትራሙ ራቀ። ድምፅዋ ቀረበ፤ ቀጥ አለና፣
«እዚያ ነበርኩ...»
                «ና»።

ማታ አዲስ መዝገብ አልከፈተችም። የቆየ ቅጂ ፈለገች፤
የሁግሊ ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ «ሌሊት ወንዙ ላይ ነበርኩ» ብላ ጽፋለት ነበረች።
ማራገቢያው ይዞራል። ወንበሩ ሲጢጥ ይላል። ዳኛው ያስላል።
ሰውዬው፣ ድምፁ የዛለ፣ «ወንዙ ላይ ነበርኩ» ይላል፤
ከሳሉ ኋላ፣ ከትንፋሹ ጠርዝ፣ እንደ ጠብታ ቀጥና፣
ስምንት ወር ስትጠብቃት የከረመች፦
«ና»።

ሦስቴ መለሰችው። ሦስቴም ነበረች።
ማዳመጫውን አወለቀች፤ ገመዱን ሳትጠመጥም በሰፊ ክብ አስተኛች።
ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት፣ ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ፣
ወረቀቱ በፌስታል ውስጥ፣ ደረቷ ላይ፣
ደጃፉ ላይ ቆማለች።

ቀዛፊው ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም።
በእኛ ቋንቋ ልጥራው፦
ና።